ቸርኬ ከተለወጠ በኋላ ስለምትበራ መብራት

በሐዋሳ ከተማ ወደ ጥቁር ውኃ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የጎማ ሠራተኞች፥ ሕዝቡ ጎሚስታ የሚላቸው፥ በየደጃፋቸው ያረጀ ጎማ ደርድረው ማለዳ ኮምፕሬሰራቸውን ያስነሣሉ። ሥራቸው የታወቀ ነው፤ ምስማር የወጋውን ይደፍናሉ፥ የጎደለውን ይሞላሉ፥ ያለቀውን ይለውጣሉ። ባጃጁም፥ የጭነት መኪናውም፥ የቤት አውቶሞቢሉም ወደ እነርሱ የሚመጣው ጎማው ሲተኛ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ ይመጣ ጀመር። የዚህ ሰው ጎማ አልተኛም፤ የወጋውም ነገር ያለ አይመስልም። ክሱ በዳሽቦርዱ ላይ በምትበራ በአንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ላይ ነው። «ቸርኬውን ከለወጥሁ ወዲህ አልጠፋ አለችኝ» ይላል።

የመብራቲቱ መልክ ለማያውቃት ሰው እንግዳ ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተ ማሰሮ ትመስላለች፤ ይኸውም ለሁለት የተሰነጠቀ ጎማ ከፊት ሲያዩት ያለው ቅርጽ ነው፤ ከሥሩ ጥርስ አለው፤ በመካከሉም ትእምርተ አንክሮ ቆሞበታል። ይህ ምልክት በመጽሐፍ ላይ ሲገኝ የመደነቅ ነው፤ በመኪና ላይ ሲገኝ ግን የመደንገጥ ሁኗል።

ዳሩ ግን ብዙ ሰው የሚደነግጠው በማይገባው ጊዜ ነው፤ በሚገባው ጊዜ ደግሞ አይደነግጥም። ምክንያቱም መብራቲቱ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያላት መሆኗ ነው። ቃሏ አንድ ሲሆን ፍችዋ ሁለት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ በርታ ብትጠፋ ደኅና ነኝ ማለቷ ነው። ሳትጠፋ ቀጥ ብላ ብትበራ ከጎማዎቹ አንዱ ነፋስ ጎድሎታል ማለቷ ነው። ነገር ግን አንድ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብልጭ ድርግም ስትል ቆይታ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብላ ብትቀር፥ የምትናገረው ስለ ነፋስ አይደለም፤ ስለ ራሷ ነው፤ ጠባቂዎቼን አጥቻለሁና ስለ ጎማዎቹ የምነግራችሁ ነገር የለኝም ማለቷ ነው። በመጀመሪያይቱ ደቂቃ ያላያት ሰው ሁለቱን ፍች መለየት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አንድ መልክ ይይዛሉና። ሰው መኪናውን አስነሥቶ ስልኩን ሲነካካ፥ የግቢውን በር ሲያስከፍት፥ ልጆቹን ከኋላ ሲያስቀምጥ የምታልፈው ያች ደቂቃ ናት ወርቁ ያለባት።

ይህች መብራት ወደ ዓለም የመጣችው በቀላል ምክንያት አልነበረም። በፈረንጆች ቍጥር በ1986 ፖርሽ 959 የተባለው አውቶሞቢል የጎማውን ነፋስ ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ ይዞ ሲወጣ ነገሩ የባለጠጎች ጌጥ ነበረ። በአሜሪካ ግን በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪና ላይ የተገጠመው የፋየርስተን ጎማ መርገጫው እየተገነጠለ፥ መኪናውም እየተገለበጠ ከ200 የሚበልጥ ሰው ስለ ሞተ ነገሩ ወደ ሸንጎ ደረሰ፤ በ2000 ሕግ ወጣ። ከ2007 መስከረም ጀምሮም ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራ ቀላል መኪና ሁሉ፥ ጎማው ከታዘዘለት ነፋስ ሩቡን ሲያጣ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ተደነገገ። አውሮፓ በ2014 ለአዲስ መኪና ሁሉ ይህንኑ አዘዘች፤ ቻይናም በ2020 ተከተለች። ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፥ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የቻይና መኪና በየመንገዱ በዛ፤ ከእርሱም ጋር መብራቲቱ በዛች። ቀድሞም ቢሆን ከባሕረ ሰላጤ አገሮችና ከአሜሪካ በመጡት ያገለገሉ መኪናዎች ውስጥ ነበረች፤ ግን ቸርኬ እንደ ልብስ የሚለወጥበት ዘመን ገና ስላልደረሰ ጠያቂ አልነበራትም።

ሥራዋ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ በየቸርኬው ውስጥ፥ በነፋስ መሙያው አፍ ሥር፥ አውራ ጣት የሚያህል ሴንሰር የሚባል መሣሪያ ማኖር ነው፤ በአማርኛ የነፋስ ዘበኛ ቢባል ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማል። ይህ ዘበኛ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ባትሪው ከውስጥ ተደፍኖ የተዘጋ ስለ ሆነ አይለወጥም፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግልና ከዘበኛው ጋር አብሮ ይሞታል። ኃይሉን ለመቈጠብ መኪናው ሲቆም ዘበኛው ይተኛል፤ ጎማው ሲሽከረከር ይነቃል፤ ነቅቶም የነፋሱን ልክና የገዛ ራሱን መለያ ቍጥር በሬዲዮ ይናገራል። መኪናው የሚቀበለው በመዝገቡ የተጻፉትን ቍጥሮች ብቻ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ በመናኸሪያው በር ላይ ጎን ለጎን የቆሙት መኪናዎች አንዱ የሌላውን ጎማ ወሬ እየሰማ በከንቱ በታወከ ነበር። እንግዲህ ቸርኬው ተለውጦ ሌሎች አራት ዘበኞች ቢገቡ፥ ምንም ደኅና ቢሆኑና ምንም እውነቱን ቢናገሩ፥ መኪናው ስማቸው በመዝገቡ የለምና አይሰማቸውም። የሚፈልገው የቀድሞዎቹን ነው፤ እነርሱ ደግሞ በመጋዘን ውስጥ በአሮጌው ቸርኬ ላይ ተኝተዋል።

ሁለተኛው መንገድ ዘበኛ የሌለበት ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ለሚጠብቀው መሣሪያ፥ ኤ.ቢ.ኤስ. ለሚባለው፥ የተሠሩት ቈጣሪዎች የየጎማውን ዙር ይቈጥራሉ። ነፋስ የጎደለው ጎማ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለውም ጎማ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ከባልንጀሮቹ የበለጠ ይዞራል፤ ከረጅም አባቱ ጎን እኩል ለመሄድ እርምጃ እንደሚያበዛ ሕፃን ማለት ነው። መኪናው ይህን የዙር ልዩነት አይቶ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለው መኪና ቸርኬ ሲለወጥለት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ነፋሱን በትክክል ሞልቶ በመሪው አጠገብ ወይም በዳሽቦርዱ ውስጥ የተሰጠውን ማስተካከያ መጫን፤ ከዚያም ጥቂት መንገድ ሲሄድ አዲሱን ልክ ራሱ ይማራል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ አራቱ ጎማዎች ባንድነት ቢጎድሉ ሊታለል ይችላል፤ ሕፃናት ለብቻቸው ሲሄዱ እርምጃቸው እኩል ነውና።

ይህ ሁሉ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ሰው ቤት ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል።

በታቦር ተራራ ሥር የሚኖር አንድ ጡረተኛ መምህር ከባሕረ ሰላጤ በኩል የገባ መኪና አለው። አዲስ አበባ ያለው አማቹ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና የወረደ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ከነጎማው ላከለት። የብሎኑ ቍጥር ልክ ነው፥ ስፋቱም ልክ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገጠመና መኪናው ዐሥር ዓመት የቀነሰ መሰለ። በማግሥቱ መብራቲቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ መምህሩ ግን ያየው ቀጥ ብላ ከቆመች በኋላ ነበር። ወደ ቀረበው ጎሚስታ ወሰደው። ወጣቱም ሳይለካ፥ «ጋሼ፥ ነፋስ አንሷቸው ነው» ብሎ አራቱንም እስከ 42 ፒ.ኤስ.አይ. ሞላቸው። በነጂው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ወረቀት ግን 33 ይላል። መብራቲቱ አልጠፋችም፤ መኪናው ብቻ በየጉድጓዱ እንደ ቃሬዛ ይደነግጥ ጀመር። ሌላው ጎሚስታ ደግሞ፥ «የሴንሰር ነገር ነው፤ ጋሼ፥ በጥቁር ፕላስተር ልሸፍናት? ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለው። መምህሩ ጥቂት አመነታና እሺ አለ። ፕላስተሩ ሁለት ሳምንት በመብራቲቱ ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ጎሚስታ የተናገረው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ የሴንሰር ነገር መሆኑ እውነት ነበረና። ነገር ግን ግማሽ እውነት ከሙሉ ስሕተት ይልቅ የሚያስተኛበት ጊዜ አለ። ጠባቂዎቿን ያጣች መብራት ጎማ ሲጎድል መናገር አትችልም፤ አስቀድማ ስለ ራሷ በርታለች፥ የምትጨምረው ብርሃን የላትም። ስለዚህ «ሴንሰሩ ነው እንጂ ጎማው ደኅና ነው» የሚለው ቃል በተነገረበት ቀን እውነት ቢሆን በሳምንቱ እውነት መሆኑን የሚያስረዳ ምንም የለም።

መምህሩ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ ሚስቱንና ሁለት የልጅ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሣ። በዋዜማው ሚስቱ በመኪናው ውስጥ ተቀምጣ ፕላስተሩን አየችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መብራት ነው።»

«መብራት ከሆነ ለምን ተሸፈነ?»

መልስ አልነበረውም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፥ በከተማው በጭነት መኪና ሥራ ወደ ታወቀ ወደ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ሄደ።

ሽማግሌው መኪናውን በክሪክ ከማንሣቱ በፊት ጠየቀ እንጂ አልነካም። «መምህር፥ ከየት መጡ? ብዙ ነድተውታል?» አለ። ጎማ ሲነዳ ይሞቃል፤ የሞቀ ጎማ ደግሞ ከእውነተኛ ልኩ በላይ ያሳያልና ነው። ቤቱ ቅርብ መሆኑን ሲሰማ ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው፤ ሞተሩን አጥፍቶ እንደ ገና አስነሣውና ሰዓቱን እያየ ዝም አለ። መብራቲቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ተርገበገበችና ቀጥ አለች። «ይህች ስለ ነፋስ አይደለም የምትለው» አለ ሽማግሌው፤ «ግን ስለ ነፋስ አይደለም ብለን ነፋሱን ሳንለካ አንቀርም።» መለኪያውን አወጣ። የፊት ግራ 41፤ የፊት ቀኝ 41፤ የኋላ ቀኝ 40፤ የኋላ ግራ 19።

በዓይን ሲታዩ አራቱም እኩል ነበሩ። የዛሬ ጎማ ጎኑ አጭርና ጠንካራ ስለ ሆነ ግማሹን ነፋስ አጥቶ እንኳ እንደ ቀድሞው ጎማ ሆዱን አይዘረጋም። ጎማው በውኃ ሲፈተሽ መርገጫው ላይ የተሰካ የቈርቈሮ ምስማር ተገኘ፤ አረፋው እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት እያከለ ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር። በ19 ፒ.ኤስ.አይ. አራት ሰውና ዕቃ ጭኖ በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ ሽቦውና ላስቲኩ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከሐዋሳ እስከ ሞጆ ባለው መንገድ ዳር ከሚታዩት የተበጣጠሱ ጎማዎች ይታወቃል። ሽማግሌው ይህን አልተናገረም፤ መምህሩም አልጠየቀም። ምስማሩን ብቻ አውልቆ በመዳፉ አኖረለት።

ምስማሩ በወጣበት ቦታ ከውስጥ ተለጥፎ ከተደፈነ በኋላ ጥያቄው ወደ መብራቲቱ ተመለሰ። በአዲሱ ቸርኬ ላይ ያለው የነፋስ መሙያ አፍ የብረት ነው፤ ከሥሩም ብሎን አለው፤ ይህ በውስጡ ዘበኛ መኖሩን ያመለክታል። የላስቲክ አፍ ቢሆንም ግን ዘበኛ የለም ብሎ መፍረድ አይገባም፤ በላስቲክ አፍ የሚሠራም አለና። ሽማግሌው ጎረቤቱን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራ። እርሱም የተኛውን ሴንሰር ከውጭ ቀስቅሶ የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አመጣና በየጎማው አፍ አጠገብ አስጠጋው። አራቱም መለሱ። ዘበኞቹ ሕያዋን ናቸው፤ ባትሪያቸውም አልደከመም። ታዲያ መኪናው ለምን አይሰማቸውም?

ነገሩ የተፈታው በመሣሪያው መስተዋት ላይ በወጣው ቍጥር ነው፤ 315 ይላል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ዘበኞች አብዛኛውን ጊዜ በ315 ሜጋ ኸርትዝ ይናገራሉ፤ ለአውሮፓ፥ ለቻይናና ለብዙው የባሕረ ሰላጤ አገር የተሠሩት ግን በ433 ሜጋ ኸርትዝ። ሬዲዮን በአንድ ጣቢያ ላይ አቁሞ የሌላውን ጣቢያ ድምፅ መጠበቅ እንደማይቻል ሁሉ፥ ለ433 የተሠራ መኪና 315ን ሊሰማ አይችልም። የአማቹ ቸርኬ ከአሜሪካ ከመጣ መኪና የወረደ ነበረ። የፋብሪካው ስም አንድ፥ የመኪናው መልክ አንድ፥ የቸርኬው ልክ አንድ፤ ቋንቋው ግን ሌላ። ኢትዮጵያ መኪና ከአራቱም ማዕዘን የምትቀበል አገር ስለ ሆነች ይህ ግራ መጋባት በሌላ አገር ከሚታየው ይልቅ በእርሷ ቢበዛ አያስደንቅም፤ በአንዲት መንደር አንዱ ከዱባይ፥ አንዱ ከአሜሪካ፥ አንዱ ከቻይና የመጣ አንድ ዓይነት መኪና ጎን ለጎን ይቆማልና።

ቋንቋቸው አንድ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ቀላል ነበረ። አንዳንዱ መኪና አዲሶቹን ዘበኞች ጥቂት ከተነዳ በኋላ ራሱ ይለምዳቸዋል፤ አንዳንዱ በዳሽቦርዱ ማውጫ በኩል እንዲማር መታዘዝን ይሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ፥ ከእነርሱም ብዙው የቶዮታ ሥራ ነው፥ የአራቱ ዘበኞች ቍጥር በመሣሪያ ካልተጻፈለት በቀር ዓመት ቢነዳ አይቀበልም። ጎማዎቹ ቦታ ለቦታ ሲለዋወጡም ሌላ ስሕተት ሊመጣ ይችላል፤ መዝገቡ ካልታደሰ መኪናው የፊት ግራው ጎደለ ሲል የጎደለው የኋላ ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጎማ ጎደለ በተባለ ጊዜ አራቱንም መለካት ይገባል፤ ትርፉ ጎማም በውስጡ ዘበኛ ያለበት መኪና አለና እርሱም አይረሳ።

በባሕር ማዶ የተገኘ አንድ ሌላ ዘዴ አለ፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። አንዳንድ ሰዎች አራቱን የቀድሞ ሴንሰሮች በወፍራም ቧንቧ ውስጥ ከተው፥ ቧንቧውን በነፋስ ሞልተውና ዘግተው በመኪናው የኋላ ዕቃ መያዣ ያስቀምጡታል። መኪናው የሚያውቃቸው ዘበኞች ነፋሱ ሙሉ ነው ይሉታል፤ መብራቲቱም ትጠፋለች። ጎማዎቹ በታች የሚሆኑትን ይሁኑ፤ ዘበኞቹ ቧንቧውን ይጠብቃሉ። ከዚህስ የሐዋሳው ፕላስተር ይሻላል፤ ፕላስተር ቢያንስ አይዋሽም።

መምህሩ ስለ ማግሥቱ መንገድ ጠየቀ። «እዚህ 33 ብሞላው አዲስ አበባ ስደርስ ስንት ይሆናል?»

ጥያቄው ከሚመስለው የጠለቀ ነው። የእጅ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ በውጭ ካለው አየር የሚበልጥበትን ልክ ነው። የውጩ አየር ደግሞ በየአገሩ እኩል አይጫንም። በባሕር ጠረፍ 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በሐዋሳ ወደ 12 ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው በአዲስ አበባ ወደ 11። ስለዚህ በሐዋሳ 33 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ቢደርስ 34 ይላል። የአዲስ አበባ ብርድ ግን ይህን መልሶ ይወስደዋል፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጎማው አንድ ተኩል ያህል ይቀንሳልና። ይልቁንም የሚደንቀው በጅቡቲ በኩል የሚመጣው መኪና ነው፤ በወደቡ በ40 ዲግሪ ሙቀት 32 የተሞላ ጎማ በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ማለዳ ሲለካ እንደ ገና 32 ገደማ ይገኛል። ብርዱ የቀነሰውን ከፍታው መልሶታል።

ዘበኛው ግን እንደ እጅ መለኪያ አይደለም። ብዙው ሴንሰር የሚያውቀው በውስጥ ያለውን ጠቅላላ ጫና ነው፤ የውጩን አየር የሚቀንስለት መኪናው ነው። መኪናው ያለበትን ከፍታ የሚያውቅ ከሆነ መልካም ነው፤ ሁልጊዜ በባሕር ጠረፍ ያለ የሚመስለው ከሆነ ግን በሐዋሳ ወደ 3፥ በአዲስ አበባ ወደ 4 ፒ.ኤስ.አይ. አሳንሶ ይናገራል። ያ ከጅቡቲ የመጣ ጎማ በእጅ መለኪያ 32 ሳለ በዳሽቦርዱ 28 ይባላል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ሩብ ሲጎድል፥ ማለት በ24፥ የሚበራ ከሆነ ከ8ቱ መታገሻ ግማሹን ተራራው በልቶታል፤ ጥቂት ነፋስ ቢያጣም መብራቲቱ ትበራለች። በደጋ የሚኖር ባለመኪና የሁለቱን ቍጥር አለመስማማት አይቶ አንዱን ሐሰተኛ ከማለቱ በፊት የቆመበትን ከፍታ ያስታውስ። ነፋስ ሲሞላ የሚታመነው ግን ማለዳ፥ መኪናው ሳይነዳ፥ በእጅ መለኪያ የተገኘው ነው።

ሽማግሌው ለመምህሩ የሰጠው መልስ ከዚህ ሁሉ አጭር ነበረ። «33 ይሙሉ፤ እዚያ አድረው ጠዋት ይለኩ። አሮጌው ቸርኬዎ የት ነው?»

አሮጌው ቸርኬ በመምህሩ ግቢ በማገዶ ቤት ውስጥ ነበረ። ጎማው ጥርሱ ገና አላለቀም። በባጃጅ ተጭኖ መጣና ሊመሽ ሲል ተገጠመ፤ የሚያብለጨልጨው ቸርኬም በሽማግሌው ሱቅ ቀረ። በማግሥቱ ማለዳ ጉዞ ሲጀመር መብራቲቱ በርታ ነበር፤ የተኙት ዘበኞች ገና አልነቁምና። ጥቁር ውኃን ሲሻገሩ ጠፋች። የልጅ ልጆቹ ከኋላ ሆነው እልል አሉ።

ከሠርጉ በኋላ መምህሩ አራቱን የቀድሞ ሴንሰሮች ወደ አዲሱ ቸርኬ ሊያዛውር ተመለሰ፤ ይህ ከሁሉ የሚረክስ መንገድ ነው፥ መዝገቡም አይነካምና። ዳሩ ግን ጎማን ከቸርኬ በመፈንቀያ ብረት የሚያወልቅ ሰው ዘበኛው የት እንደ ተቀመጠ ማወቅ አለበት፤ ነፋስ መሙያው አፍ ባለበት በኩል ብረቱን የሰደደ እንደ ሆነ በአንድ ግፊት ይሰብረዋል። ሦስቱ በደኅና ወጡ። አራተኛውን የሽማግሌው ረዳት ሰበረው። ልጁ ስብርባሪውን በእጁ ይዞ፥ «እኔ ነኝ ጋሼ፤ የአፉን በኩል ረሳሁት» አለ። ሽማግሌው የሥራውን ዋጋ አልተቀበለም፤ አዲሱ ሴንሰር ሲገዛም ግማሹን ሊከፍል ተስማማ። መምህሩ ልጁን፥ «አይዞህ ልጄ፥ ሦስቱን ግን አትርፈሃል» አለው።

በሰባራው ቦታ ዘበኛ የሌለው ተራ የነፋስ አፍ ገባ፤ መብራቲቱም እንደ ገና ትርገበገባለች። አሁን አልተሸፈነችም። 433 የሚል ቍጥር፥ የመኪናው ዓመትና የተሰበረው ሴንሰር ፎቶግራፍ ወደ አማቹ ተልኳል፤ ሲመጣም መለያ ቍጥሩ በመዝገቡ እንዲጻፍ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይጠራል። እስከዚያው ድረስ በየቅዳሜው ማለዳ፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ መምህሩ አጎንብሶ አራቱን ጎማዎች ይለካል፤ ሚስቱ በአሮጌ የተማሪ ደብተር ትጽፋለች። ባለፈው ቅዳሜ የተጻፈው 33፥ 33፥ 32፥ 33 ነው።